ዘበኛው ያላሳለፈው የጠባይ ሠንጠረዥ

የላውንደሪው ሠራተኞች ሁሉ አንድ ባልደረባቸውን የሚጠሩት ግልባጭ ብለው ነው። በደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ ለእገሌ» ተብሎ እንደሚጻፈው ያለ ግልባጭ። ስሙን ያወጣችለት የልብስ ተቀባይዋ ናት፤ ምክንያቱም ሰውየው ከማንኛውም ነገር አንድ ብቻ ይዞ ሲሄድ ያየው የለም። ጃንጥላው ሁለት ነው። የቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በቀኝ ኪሱ፣ አንዱ በግራ። መነጽሩም ሁለት ነው፤ አንዱ አፍንጫው ላይ፣ አንዱ ደረት ኪሱ ውስጥ፣ «ድንገት ይሄኛው ቢሰበርስ» ብሎ። የሠርጉ ቀን እንኳ ለራሱ ሁለት ቀለበት አሠርቶ ነበር አሉ። ሙሽሪት አይታ፣ «ሁለተኛዋን ሚስት ደግሞ የት ደብቀሃታል?» ብላ እስክትጮህበት ድረስ።

መቼም ሰው ዝም ብሎ ተነስቶ ግልባጭ አይሆንም። ከሃያ ዓመት በፊት እሱ ልብስ ላይ የጨርቅ ቁጥር የሚሰፋ ሠራተኛ ነበር። ያን ጊዜ የደንበኛው ስም፣ የልብሱ ዓይነት፣ ነገር ዓለሙ ሁሉ ያለው በአንድ ወፍራም መዝገብ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ታዲያ አንዱ መዝገቡን ባንኮኒ ላይ ከተዘረጋ የአልጋ ልብስ ላይ አስቀመጠው፤ ሌላው መጥቶ የአልጋ ልብሱን ከነመዝገቡ ጠቀለለው፤ ሦስተኛው ማሽን ውስጥ ከተተው። በሙቅ ውሃ፣ አርባ ደቂቃ። መዝገቡ ከአልጋ ልብሱ በላይ ነጥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው በሱሪ ሲጓተት ከረመ። ሁለት ሰዎች ለአንድ ቡናማ ኮት ተጣልተው፣ «እስቲ ለብሳችሁ አሳዩ» ቢባሉ ለሁለቱም ልክ ሆነ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደግሞ የሰው ሱሪ ይዘው ሄደው፣ ሱሪው ተስማማቸውና እስካሁን አልተመለሱም።

ግልባጭ ያን ጊዜ ማለ፦ ከእንግዲህ ወዲያ በአንድ ቦታ ብቻ የሚቀመጥ ነገር የለም! ኮምፒውተር ሲመጣ ሌላው ሠራተኛ «ምን ቆርጦኝ እነካዋለሁ» ብሎ ሲሸሽ፣ እሱ መመሪያውን አነበበው። ሁለት ጊዜ። ይኸው እስከዛሬ የላውንደሪው የዳታቤዝ ኃላፊ እሱ ነው።

ይህን ሥራውን ሁሉም ያከብርለታል፤ ከአንድ ሰው በቀር። አማቱ አላከበሩለትም።

አማቱ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እሳቸው የሚያከብሩት በዓይን የሚታይ ሥራ ነው። የትልቋ ልጃቸው ባል ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩ ይታያል። የትንሿ ባል ጥርስ ይነቅላል፤ ጥርሱ ይታያል። የመካከለኛዋ ባል ግን ምን ያደርጋል? አንድ ጊዜ «እማማ፣ እኔ መረጃ ነው የምጠብቀው» ቢላቸው «የታለ?» አሉት። ወስዶ መረጃው የሚቀመጥበትን ሰርቨር አሳያቸው፤ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ጥቁር ሳጥን ነው። እጃቸውን አጣምረው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ «ይበራል፣ ይጠፋል። ለዚህ ነው በጠዋት ተነስተህ የምትሮጠው?» ብለውት ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ሰውዬው ነው የሚሉት። «ሰውዬው መጣ?» «ሰውዬው በላ?» እሱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እያለ!

ዘንድሮ የላውንደሪው ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴት፣ በከተማው ሌላኛው ጫፍ ቅርንጫፍ ለመክፈት ወሰኑ። ቦታው ከአማቱ ቤት ሦስተኛው በር ሆኖ አረፈ። አማቱም ይህን እንደሰሙ እንዲህ አሉ፦

«በሚከፈትበት ቀን እመጣለሁ። ካፖርቴን እዚያው ነው የምቀበለው። ሁለቱን ጎረቤቶቼንም ይዤ እመጣለሁ። ሰውዬው ምን እንደሚሠራ እስቲ አንድ ቀን በዓይኔ ልየው።»

ሚስቱ ያን ዕለት ትከሻውን ይዛ ወዘወዘችው። «ሰማህ? አሥራ ስምንት ዓመት የጠበቅነው ቀን ይሄ ነው። እማዬ ፊት አንዲት ነገር ብትበላሽ ዕድሜ ልክህን ሰውዬው እንደሆንክ ትቀራለህ።»

«ምን ይበላሻል?» አለ ግልባጭ። «ሁሉም ነገር እኮ ሁለት ሁለት ነው።»

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በዋናው ቤት ሰርቨር ላይ አምስት ሠንጠረዦች አሉ። ደንበኞች፣ ልብሶች፣ ዋጋዎች፣ እድፎች፣ አምስተኛው ጠባይ። አራቱ ስማቸው ራሱ ይናገራል። ጠባይ የሚባለውን የጀመረችው ተቀባይዋ ናት፤ የደንበኛው ቁጥር ሲጻፍ ከታች በቀይ ፊደል የሰውየው ጠባይ ብቅ እንዲልላት። «ይጮኻሉ፤ ግን ውሃ ከጠጡ ይተዋሉ።» «ሸሚዛቸውን አሽትተው ነው የሚቀበሉት፤ ዞር በሉላቸው።» «ስለ ውሻቸው ጠይቋቸው። ስለ ባለቤታቸው እንዳትጠይቁ።» ስክሪኑ ወደ እሷ ስለዞረ የሚያየው ሌላ ሰው አልነበረም።

ከነዚህ ቀይ መስመሮች አንዷን የጻፋት ራሱ ግልባጭ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ተቀባይዋ ወልዳ ቤት ስትቀመጥ እሱ ባንኮኒው ላይ ተተክቶ ነበር። አማቱ ግራጫ ካፖርታቸውን ሊወስዱ መጡ፤ ኮሌታውን ገልብጠው አዩና «አልጠራም» አሉ። ካፖርቱ እንደ መስታወት ጠርቷል። ምን ያድርግ? ይዞት ወደ ኋላ ክፍል ገባ። ማሽኑ ሁሉ ሞልቷል። ጨነቀው። ልቡ እስኪረጋ ካፖርቱን እንዳቀፈ ቆሞ እስከ መቶ ቆጠረ፤ ያንኑ ካፖርት መልሶ አመጣላቸው። አማቱ ኮሌታውን ገልብጠው አዩ። «አሁን ጠራ! እንዲህ ነው እንጂ!» ብለው መረቁት። እሱም ለሚመጣው ሠራተኛ ሁሉ ይጠቅማል ብሎ ጻፋት፤ በቅን ልቦና፣ ከነፊርማው።

እትዬ ስለ ቅርንጫፉ ያዘዙት ግልጽ ነው። «እዚያ ሁለት ስክሪን ጀርባና ጀርባ ይቀመጣል። አንዱ ወደ ተቀባይዋ፣ አንዱ ወደ ደንበኛው። ደንበኛው ስሙ በትክክል መጻፉን በዓይኑ ይይ። ስለዚህ አራቱ ሠንጠረዦች ይሂዱ፤ ጠባይ የሚባለው ግን ከዚህ ቤት ደጃፍ እንዳይወጣ!»

«ይቻላል እትዬ» አለ ግልባጭ፣ ዓይኑ እያበራ። «በዋናው ቤትና በቅርንጫፉ መካከል አንድ የኮምፒውተር ዘበኛ አቆማለሁ። እዚህ የተጻፈ፣ የታረመ፣ የተሰረዘ ነገር ሁሉ ወዲያው በሱ በኩል ወደዚያ ያልፋል። እሱ የሠንጠረዡን ስም ያያል። ደንበኞች? እለፍ። ልብሶች? እለፍ። ጠባይ? ወዲያ!»

«ዘበኛው በአማላጅ አይሸነፍም?»

«ስም ብቻ ነው የሚያየው እትዬ። ፊት አያይም።»

ዘበኛው ግን የሚሠራው ከቆመበት ሰዓት ጀምሮ ለሚመጣ ነገር ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ቀድቶ ቅርንጫፉ ሰርቨር ላይ መጫን የሰው ሥራ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አራቱን ሠንጠረዥ መርጦ ይቀዳና ያበቃ ነበር። ግልባጭ ግን ግልባጭ ነው! ከአምስት ነገር አራቱን ብቻ መቅዳት ለሱ አራት ልጅ ትምህርት ቤት ልኮ አምስተኛውን በር ላይ ማስቀረት ማለት ነው። አንጀቱ አልችል አለ። አምስቱንም ቀዳ። «አምስተኛዋን ከምሳ በኋላ አወጣታለሁ» አለና ምሳውን በላ። ከምሳ በኋላ ዘበኛውን አቆመ። ዘበኛውን ካቆመ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር የሚያስታውስ ጭንቅላት አልቀረለትም፤ በዘበኛው ፍቅር ወደቀ።

ሞከረው። ዋናው ቤት ላይ ደንበኛ መዘገበ፦ ሙከራ ቁጥር አንድ። የጠባይ ሠንጠረዥ ውስጥም ስለዚሁ ደንበኛ «አፍንጫው ረጅም ነው» ብሎ ጻፈና ወደ ቅርንጫፉ ለተዛወረችው ለዚያችው ተቀባይ ስልክ ደወለ።

«ሙከራ ቁጥር አንድ የሚባል ደንበኛ አለ?»

«አለ ጋሼ!»

«ስለ አፍንጫው የሚል ነገር አለ?»

«ወፍ የለም ጋሼ!»

ከወንበሩ ዘሎ ተነሳና ካውያ የያዘውን ሠራተኛ አቀፈው። የሸሚዙ ጫፍ ትንሽ ተለበለበ። ግድ የለም፤ ሌላ ሸሚዝ መሳቢያው ውስጥ ነበረው።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቅርንጫፉ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ባንኮኒው ያብረቀርቃል፤ በዋናው ቤት ታጥበው የመጡት ልብሶች በፕላስቲክ ተሸፍነው በተርታ ተሰቅለዋል፤ ከነሱ መካከል ግራጫው ካፖርት አለ። ግልባጭ ሁለት ክራቫት ይዟል፤ አንዱን አስሯል። እትዬ አዲስ ጫማ አድርገው ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«በሩ ሳይከፈት እስቲ በኔ ስም ሞክሪው» አሏት ተቀባይዋን፣ በደንበኛው በኩል ባለው ስክሪን ፊት ቆመው።

ተቀባይዋ ጻፈች። የእትዬ ስም ወጣ። «አንድ የሐር ሸሚዝ» የሚል ወጣ። ከዚያ ከታች፣ በቀይ፣ በትልልቅ ፊደል፦

«የላውንደሪው ባለቤት ናቸው። ያዘዙትን ሁሉ እሺ በሏቸው፤ ከሰዓት በኋላ ይረሱታል።»

እትዬ አንዴ በልባቸው፣ አንዴ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«የጣሪያው ቀለም እንዴት ያምራል እትዬ» አለች ተቀባይዋ፣ አንገቷን አንጋጣ።

«ግልባጭ! ዘበኛህ የት ሄደ?»

«ቆሟል እትዬ!»

«ቆሞ ከሆነ ይሄ በየት ገባ? በመስኮት?»

ያን ጊዜ ምሳው ትዝ አለው። «ዘበኛው ሳይቆም በፊት ነው የገባው እትዬ። እኔው ነኝ ያስገባሁት። ውስጥ ነው ያደረው።»

«አውጣው! ከዚህም፣ ከዋናውም ቤት ይጥፋ! ጠባይ የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ ማየት አልፈልግም!»

«እሺ እትዬ!»

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ዋናው ቤት ሰርቨር ውስጥ ገባ። ሐሳቡ አጭር ነው፤ እዚያ የተሰረዘ እዚህም ይሰረዛል። ሁለት ቦታ በአንድ ምት! ለሁለት ነገር የተፈጠረ ሰው ከዚህ በላይ ምን ደስታ አለው? ጣቱን ከፍ አድርጎ ቁልፉን ተጫነው። ሠንጠረዡ ድራሹ ጠፋ።

«ከሥሩ ነቅዬዋለሁ እትዬ!»

ይህን እንዳለ በሩ ተከፈተና አማቱ ገቡ። አንድ አጭር ጎረቤት በቀኝ፣ አንድ ረጅም ጎረቤት በግራ። ሚስቱ ከኋላቸው ሆና በዓይኗ «አደራህን» ትለዋለች።

«ሰውዬው አለ?» አሉ አማቱ፣ እሱን እያዩ።

«አለሁ እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ!»

ተቀባይዋ ቁጥራቸውን ጻፈች። ስማቸው ወጣ። «አንድ ግራጫ ካፖርት» የሚል ወጣ። ከዚያ ቀይ ፊደል።

ግልባጭ ፊደሉን አየ። በአንዲት ሴኮንድ ሁሉም ነገር ተገለጠለት። ዘበኛው ምን ነበር የተባለው? ጠባይ የሚል ስም ያለበትን እንዳታሳልፍ። ጠባይ ተሰርዟል የሚለው ወሬ ሲመጣስ? ስሙን አየ፤ ወዲያ አለው! የሞቱን መርዶ እንኳ አላሳለፈም! ዋናው ቤት ላይ የጠፋው ሠንጠረዥ እዚህ በሰላም ተቀምጧል፤ እንዲያውም ታማኝ ዘበኛ እየጠበቀለት።

ዘሎ ስክሪኑ ፊት ቆመ።

«ምን ትጋርደኛለህ? ዞር በል። ያ ቀዩ ጽሑፍ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል እማማ፣ የ… የስክሪኑ ፋብሪካ የጻፈው ነው።»

«ምን ይላል?»

«አድራሻቸው ነው።»

«እንግዲያው ላንብበው። መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ።» ዓይናቸው ደረት ኪሱ ላይ አረፈ። «አንተ ሁለት አይደል የምትይዘው?»

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምነው አንድ ብቻ በኖረኝ ብሎ ተመኘ። ሚስቱ ታያለች፤ እትዬ ያያሉ። ምን ማድረግ ይቻላል? ሁለተኛውን መነጽር ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀበላቸው።

አማቱ መነጽሩን አድርገው፣ ድምፃቸውን አጥርተው፣ ለጎረቤቶቻቸው እንዲሰማ አነበቡ።

«የሚስቴ እናት ናቸው። ልብሱ ምንም ቢጸዳ አልጠራም ይላሉ። ወደ ኋላ ክፍል ይዛችሁ ግቡ፤ እስከ መቶ ቁጠሩ፤ ያንኑ መልሳችሁ አምጡ። አሁን ጠራ ብለው ይመርቃሉ። ግልባጭ።»

አጭሯ ጎረቤት አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እስከ መቶ?» አሉ አማቱ።

«አዎ እማማ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«አዎ እማማ።»

«ታዲያ ካፖርቴ ሁለተኛ ታጥቦ አያውቅም?»

«አንዴ ብቻ ነው እማማ። ግን በደንብ።»

ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች። አማቱ መነጽሩን ቀስ ብለው አወለቁ፣ አጠፉት፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሳቅ ከሆዳቸው ተነስቶ መጣ። ሳቁ፣ ባንኮኒውን ይዘው ሳቁ፣ ረጅሟ ጎረቤት ደግፋቸው ሳቁ።

«ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ሾርባ ባቀረብኩ ቁጥር ቀዝቅዟል ይል ነበር። እየጨሰ! እኔም ወጥ ቤት ይዤው እገባና እስከ ሃምሳ ቆጥሬ ያንኑ እመልስለታለሁ። አሁን ሞቀ ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት! ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። አንተ ግን ጻፍከው!»

«እማዬ!» አለች ሚስቱ፣ አፏን ከፍታ።

«ዝም በይ። ግን ንገረኝ፣» አሉ ወደ ግልባጭ ዞረው፣ «ሃምሳ ሲበቃ መቶ ምን አደረሰህ?»

«እርስዎ ይከብዳሉ ብዬ ነው እማማ።»

እንደገና ሳቁ። እትዬ ግን አልሳቁም፤ ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ቀስረዋል። «ከሥሩ ነቅዬዋለሁ አላልከኝም?»

ግልባጭ አስረዳ። ዘበኛው፣ ስሙ፣ መርዶው። አማቱ ጆሯቸውን አቁመው ሰሙና ከእትዬ ቀደሙ።

«ታዲያ ዘበኛው ምን አጠፋ? አታሳልፍ ተባለ፤ አላሳለፈም። መርዶም ቢሆን! እንዲህ ያለ ዘበኛ ከየት ይገኛል?» ከዚያ ግልባጭን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ እንደ አዲስ ሰው። «ሥራህ ይሄ ነው እንዴ? ምን እንደሚያልፍ፣ ምን እንደማያልፍ መወሰን?»

«አዎ እማማ። ይሄው ነው።»

«ምነው ታዲያ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መብራት የምታሳየኝ!» ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «ተዋወቁት። የልጄ ባል ነው። ዘበኞች ያሠለጥናል።»

ግልባጭ ሊያርም አፉን ከፈተ። ሚስቱ እግሩን ረገጠችው። ዘጋው።

«የእኔስ ምን ይላል?» አለች ረጅሟ ጎረቤት ወደ ስክሪኑ እየተጠጋች። «ባለፈው ዓመት መጋረጃ አሳጥቤ ነበር።»

«የእኔንም እዩልኝ!» አለች አጭሯ። በሩ ላይ የቆሙት ደንበኞችም ነገሩ ገብቷቸው መጋፋት ጀመሩ። አንድ ሽበታም ሰው «ስለ ውሻዬ የሚል አለ?» እያለ ይጮኻል። ተቀባይዋ ጣሪያውን እንዳየች ናት።

ግልባጭ እጁን ሰዶ የደንበኞቹን ስክሪን ከሶኬቱ ነቀለው። ሁሉም «ኧረ!» አለ። እትዬ ብቻ «ተመስገን» አሉ።

«ካፖርቴን እንጂ» አሉ አማቱ።

ተቀባይዋ ካፖርቱን አወረደች። አማቱ ፕላስቲኩን ገፈፉ፣ ኮሌታውን ገለበጡ፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«አልጠራም» አሉ።

ግልባጭ ካፖርቱን ተቀበለና ወደ ኋላ ክፍል ገባ። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፁ ተሰማ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» አጭሯ ጎረቤት ተከተለችው፤ ረጅሟ ተቀበለች፤ አሥር ላይ ሽበታሙ ሰው ገባ፤ ሃያ ላይ ቤቱ በሞላ ይቆጥራል፤ ሠላሳ ላይ እትዬ እንኳ በአዲሱ ጫማቸው ወለሉን ይመታሉ። አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ!

«ይበቃል ግልባጭ!» ብለው ጮኹ አማቱ።

ከመጋረጃው ጀርባ ቆጠራው ቆመ። ግልባጭ ካፖርቱን እንዳቀፈ ቆሟል። ግልባጭ አሉኝ? አለ በልቡ። ካፖርቱን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። አማቱ ኮሌታውን ገልብጠው አዩ።

«አሁን ጠራ» አሉ። «ተባረክ።»

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዋናው ቤት ተመልሰው፣ ለተናደደ ደንበኛ ምን እንደሚሻል ጠየቁ። «ውሃ ይወዳሉ የሚል ነገር የሚጻፍበት ቦታ ነበረን፤ የት ገባ?» አሉ። ግልባጭ «እሺ እትዬ» ብሎ የጠባይን ሠንጠረዥ ከሁለተኛው ቅጂ መልሶ አወጣላቸው፤ መቼም ሁለተኛ ቅጂ እንደነበረው አትጠራጠሩም። ቅርንጫፉ ላይ የደንበኛው ስክሪን ቀዩን ጽሑፍ እንዳያሳይማ ቀደም ብሎ አድርጎ ነበር፤ ይህን ከምሳ በፊት ሠራው። ከዚያ የአማቱን መስመር ከፍቶ «መቶ» የሚለውን «ሃምሳ» ብሎ አረመው። በዋናው ቤትም፣ በቅርንጫፉም፣ ሁለቱንም በገዛ እጁ፤ ዘበኛው እንደሆነ አያሳልፍለትም።